ፍሪሲዮን ነው ወይስ ሌላ? ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ማንዋል መኪና ማርሽ አልገባ ሲል ወይም ዳገት ላይ ሲለግም ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ፍሪሲዮን ጨርሷል፤ ካምቢዮ ይውረድ።» ካምቢዮ ማለት የማርሽ ሳጥኑ ነው። ፍርዱ አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ውጭ ላይ ይገኛል። የፓምፕ ጎሚኒ (ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ጎማ) አርጅቷል፣ ዘይት ጎድሏል ወይም ካቦ ላልቷል። እነዚህ ሁሉ ካምቢዮ ሳይነካ ይሠራሉ።

ካምቢዮ አንዴ ከወረደ ደግሞ «ከወረደ አይቀር ይህም ይቀየር» መምጣቱ አይቀርም። መኪናው ይቆማል፣ ወጪው ይበዛል። ስለዚህ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ጥፋቱ ከካምቢዮው ውጭ ነው ወይስ ውስጥ? ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ረዳት ሰውና ሜዳ ቦታ ነው።

ፍሪሲዮን ምን ይሠራል?

ከሞተሩ ጫፍ ላይ ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት አለ። ሞተር ሲዞር አብሮ ይዞራል። ከጎኑ ሸራ የለበሰ ዲስክ ተቀምጧል። ዲስኩ የተሰካው በካምቢዮው ዘንግ ላይ ነው። ከዲስኩ ኋላ ያለው ፕሬዠር ፕሌት በሞላ (በስፕሪንግ) ጉልበት ዲስኩን ቮላኖው ላይ አጣብቆ ይይዘዋል። ፔዳሉን ስትረግጡ ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ሞላውን ይገፋዋል። ያኔ ዲስኩ ይለቀቅና ሞተርና ካምቢዮ ይለያያሉ።

ሥራው እንግዲህ ሁለት ነው፤ መያዝና መልቀቅ። በሽታውም በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው፤ አለመያዝና አለመልቀቅ። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት ነው ሰውን ያለ ምክንያት ዲስክ የሚያስገዛው። «ማርሽ አልገባም» ማለት አይለቅም ማለት ነው። «ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም» ማለት ደግሞ አይዝም ማለት ነው። ሸራው ያለቀበት ዲስክ መጀመሪያ የሚያሳየው ሁለተኛውን ነው። ማርሽ የማይገባ ከሆነ መጀመሪያ ፓምፑን ወይም ካቦውን ጠርጥሩ።

የእግራችሁ ጉልበት ኩሽኔታው ጋ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። ቮልስና ከትንንሾቹ የሱዙኪ መኪኖች ብዙዎቹ በካቦ ይሠራሉ። ሃይሉክስ፣ ሃይኤስ፣ ላዳና አይሱዙ ኤንፒአር የመሳሰሉት ደግሞ በዘይት ነው የሚሠሩት። ፔዳሉ ጋ የላይኛው ፓምፕ አለ፤ ካምቢዮው ጋ የታችኛው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ኮፈኑን ከፍታችሁ ከሾፌሩ ፔዳል ትይዩ ተመልከቱ። ወፍራም ካቦ ወይም ቀጭን የዘይት ቱቦ ታገኛላችሁ።

ደረጃ 1፦ ምንጣፉን አንሱ

አትሳቁ። ምንጣፍ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ ሌላ ምንጣፍ የደራረበ መኪና ሞልቷል። ፔዳሉ መጨረሻ ድረስ ካልወረደ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለይም፤ ማርሽም እየፈጨ ይገባል። ሁሉንም አውጡና እንደገና ሞክሩ። ችግሩ እዚሁ ካለቀ ጽሑፉን መጨረስ አይጠበቅባችሁም።

ደረጃ 2፦ ፔዳሉን በእጃችሁ ግፉት

ሞተሩን አጥፉ። ጎንበስ ብላችሁ ፔዳሉን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። መጀመሪያ ላይ ምንም ጉልበት ሳይጠይቅ ትንሽ ይሄዳል። ይህ ነጻ ጉዞው ነው። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል። የራሳችሁን መኪና ልክ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ታገኙታላችሁ።

ነጻ ጉዞ ጨርሶ ከሌለ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ተጭኖ ይውላል ማለት ነው። ይህ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ዲስኩም እንዲያንሸራትት ያደርጋል። ነጻ ጉዞው ከበዛ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ካቦ ያለው መኪና ላይ ይህ በማስተካከያው ብሎን የሚፈታ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ለዚህ ዲስክ መግዛት ያሳዝናል።

አሁን በእግራችሁ እርገጡ። ስሜቱን ልብ በሉ።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ከፓምፖቹ በአንዱ ዘይት እያለፈ ነው። ወርዶ እዚያው ከቀረና በእግር ጫፍ መመለስ ካስፈለገ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘይት አልቋል፣ ጎሚኒ ተበላሽቷል ወይም ካቦ ተበጥሷል። ከወትሮው በጣም ከከበደ ካቦው ደርቋል፣ አለዚያም የፕሬዠር ፕሌቱ ሞላ አርጅቷል። ሸራው ባለቀ ቁጥር ፔዳል መክበዱ የተለመደ ነው።

አንድ ሙከራ ደግሞ ብዙ ነገር ይነግራችኋል። ማርሽ አልገባ ካለ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ እርገጡና ወዲያው ሞክሩ። ያኔ ከገባ ጥፋቱ የዘይቱ መስመር ላይ ነው፤ አየር ወይም ጎሚኒ። ካምቢዮ ይውረድ የሚላችሁን ሰው «ቆይ መጀመሪያ ፓምፑን እንይ» በሉት።

ደረጃ 3፦ ዘይቱን ተከታተሉ

የፍሪሲዮን ዘይት ማለት የፍሬን ዘይት ነው። ዶት 3 ወይም ዶት 4 መሆኑ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። አንዳንድ መኪና ለፍሪሲዮን የራሱ ትንሽ ዕቃ አለው። አንዳንዱ ከፍሬኑ ጋር ይጋራል። የሞተር ዘይትም ሆነ የመሪ ዘይት በፍጹም አታስገቡ። ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል፤ ከፍሬን ጋር የሚጋራ ከሆነ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ የፍሬን ዘይት ትንሽ ዝቅ ይላል። የፍሪሲዮን ሸራ ሲያልቅ ግን የዘይቱ መጠን ዝቅ አይልም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ከፍ ሊል ይችላል። ሸራው ሲሳሳ የሞላው ጣቶች ወደ ኋላ ስለሚመጡ የታችኛውን ፓምፕ ፒስተን ወደ ውስጥ ይመልሱታል። ስለዚህ ለብቻው የተቀመጠ የፍሪሲዮን ዘይት ከጎደለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ሞልቶ ዝም ማለት መፍትሔ አይሆንም።

የት እንደሚፈስ ለማወቅ ሦስት ቦታ ተመልከቱ። መጀመሪያ ከፔዳሉ በላይ፣ ዘንጉ ወደ ሞተር ክፍል የሚያልፍበትን ቦታ በጣታችሁ ዳስሱ። እርጥበት ካለ የላይኛው ፓምፕ ነው። ከዚያ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ተከተሉ። በመጨረሻ የታችኛውን ፓምፕ አቧራ መከላከያ ጎማ ገለጥ አድርጉ። ከውስጡ ዘይት ከወረደ ጥፋተኛው ተገኝቷል። መኪናውን አንስታችሁ ከስር የምትገቡ ከሆነ በክሪክ ብቻ አትመኑ። ጠንካራ መቆሚያ አድርጉ፣ ጎማውንም በድንጋይ አግዱ።

አንዳንድ መኪኖች ላይ የታችኛው ፓምፕ ውስጥ ነው፤ ከኩሽኔታው ጋር አንድ ላይ ተሠርቶ ካምቢዮው ዘንግ ላይ ይቀመጣል። ያ ሲያፈስ ዘይቱ ሞተርና ካምቢዮ ከሚጋጠሙበት ቦታ ስር ይንጠባጠባል። እዚህ ላይ ካምቢዮ ከማውረድ ውጭ አማራጭ የለም።

የሚንጠባጠበው ምን እንደሆነ ካልገባችሁ አንድ ጠብታ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩ። የፍሬን ዘይት ከውኃው ጋር ይቀላቀላል። የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ይንሳፈፋሉ። የካምቢዮ ዘይት ወፈር ያለና የሚከረፋ ሽታ ያለው ስለሆነ ሁለቱን መለየት አይከብድም። ቀለም ላይ የወደቀ የፍሬን ዘይት ግን ቶሎ በውኃ እጠቡት፤ ቀለሙን ይልጠዋል።

ደረጃ 4፦ የታችኛውን ፓምፕ ሲገፋ እዩት

ረዳታችሁ ሾፌር ወንበር ላይ ይቀመጥ። ሞተር ይጥፋ፣ ማርሽ ዜሮ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። እናንተ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ የታችኛውን ፓምፕ ዘንግ እዩ፤ እጃችሁን አታስገቡ። ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ዘንጉ ኩሽኔታውን የሚያንቀሳቅሰውን ሹካ ይገፋዋል። በብዙ መኪኖች ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሄዳል።

ዘንጉ ትንሽ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ወይም ገፍቶ ቀስ እያለ ከተመለሰ ችግሩ ውጭ ነው። ጎሚኒ ይቀየራል ወይም ፓምፑ ራሱ፤ ከዚያ አየር ይወጣል። ዘንጉ በደንብ እየገፋ ማርሽ ግን እምቢ ካለ ጥፋቱ ወደ ውስጥ አለፈ ማለት ነው፤ ሹካው ተጣሟል፣ ሞላው ተሰብሯል ወይም ዲስኩ ተጣብቋል። ይህች ሙከራ ከሁሉም በላይ የምታስወስን ናት። ታላላቅ ወንድሞቻችን ሜካኒኮች ሲቸኩሉ የሚዘሏትም እሷኑ ነው።

አየር ማስወጣቱ እንዲህ ነው። ዕቃውን በአዲስ ዘይት ሙሉ። የታችኛው ፓምፕ የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ቀጭን ግልጽ ቱቦ ሰክታችሁ ሌላኛውን ጫፍ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። ረዳታችሁ ቀስ ብሎ ይርገጥና ይያዝ። እናንተ ብሎኑን ትንሽ ፈታ አድርጉ። አረፋ የተቀላቀለ ዘይት ይወጣል። መልሳችሁ እሰሩ፤ ከታሰረ በኋላ ብቻ ረዳታችሁ ፔዳሉን ይልቀቅ። አረፋው እስኪጠፋ ደጋግሙት። በየመሃሉ የዘይቱን ዕቃ ሙሉ፤ ካለቀ አየር ይስብና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። የወጣውን ዘይት መልሳችሁ አትጠቀሙበት።

ደረጃ 5፦ ይለቃል ወይ?

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሪሲዮን በመርገጥ ሁሉንም ማርሾች አስገቡ። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ድገሙት። ጠፍቶ በቀላሉ የሚገባ፣ ሲነሳ የሚከብድ ከሆነ ፍሪሲዮኑ አይለቅም። ጠፍቶም ከከበደ ግን ፍሪሲዮኑን ተዉት። የማርሽ ማስገቢያው ዘንግ ወይም ካቦ አለዚያም ካምቢዮው ራሱ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ ወደ አምስት ሰከንድ ጠብቁና የኋላ ማርሽ አስገቡ። በብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ እንደ ፊቶቹ ፍጥነት የሚያስማማ ቀለበት የለውም፤ ስለዚህ ቶሎ ያጋልጣል። ጠብቃችሁም ከፈጨ ዲስኩ አሁንም እየዞረ ነው።

ሜዳ ላይ፣ ከፊት ሰውም ግንብም በሌለበት፣ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፔዳሉን እንደረገጣችሁ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። መኪናው ወደ ፊት ከሳበ ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደያዘ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ የከረመ መኪና ላይ ይህ በአንዴ ሊመጣ ይችላል። እርጥበት ገብቶ ዲስኩና ቮላኖው በዝገት ይጣበቃሉ። ዘይቱም ካቦውም ደህና ናቸው፤ ማርሽ ግን አይገባም። ሰዎች በአራተኛ ማርሽ ገፍተው ሊያላቅቁት ይሞክራሉ። ሊሳካም ይችላል። ነገር ግን መኪናው በድንገት ስለሚነሳ ጠባብ ግቢ ውስጥ አትሞክሩት።

ደረጃ 6፦ ይይዛል ወይ?

ፍሪሲዮን ማንሸራተት የሚጀምረው ከፍ ባለ ማርሽ፣ ጭነት ሲኖርና ዳገት ላይ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ደህና የሚመስል መኪና ወደ እንጦጦ ሲወጣ ይጋለጣል። ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የአባይን ሸለቆ ሲወጣ ወይም ጣርማ በር ላይ ሲደርስማ ሽታው ራሱ ይናገራል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ዓይነት ሽታ ነው። ሩቅ መንገድ ካሰባችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ፈትሹ።

መኪና በማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየነዳችሁ አራተኛ ማርሽ አስገቡ። ከዚያ ነዳጁን እስከ መጨረሻ እርገጡ። የሞተሩ ዙርና የመኪናው ፍጥነት አብረው ቀስ እያሉ መጨመር አለባቸው። ዙሩ ድንገት ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ያንሸራትታል። ዙር መቁጠሪያ የሌለው መኪና ላይ ጆሯችሁ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ትንሽ ሞተር እዚህ ዳገት ላይ መዛሉ ከተፈጥሮው ነው፤ የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ ከታከለበት ደግሞ ይብሳል። ይህን ፍሪሲዮን ነው ብሎ ማስፈታት ትልቅ ኪሳራ ነው። መለያው ቀላል ነው። ጉልበት ያነሰው ሞተር ዙሩም አብሮ ይወርዳል። ፍሪሲዮን ሲያንሸራትት ግን ዙሩ ይወጣል፣ መኪናው ይቀራል።

ቆሞ የሚደረግ ሙከራም አለ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የእግር ፍሬንም እርገጡ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ያጠፋዋል። ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቱን ከቀጠለ ዲስኩ አልያዘም። አንዴ ብቻ አድርጉት። መደጋገሙ የቀረውን ሸራ ማቃጠል ነው።

ያንሸራትታል ማለት ግን ሁልጊዜ ሸራው አልቋል ማለት አይደለም። ነጻ ጉዞው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ደረጃ 2ን አስታውሱ። ወይም የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) አፍስሶ ሸራው ዘይት ነክቶታል። ሞተርና ካምቢዮ ከሚጋጠሙበት ስር ዘይት ካያችሁ ይህን ጠርጥሩ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም።

መንቀጥቀጥና ድምፅ

ስትነሱ መኪናው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሞተሩን የያዙትን ጎማዎች አስቀድሙ። ኮፈኑን ክፈቱ። ረዳታችሁ ፍሬን ይዞ በኋላ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ለቀቅ መልሶ እርግጥ ያድርግ። እናንተ ከጎን ቁሙ፤ ከፊትም ከኋላም አትቁሙ። ሞተሩ ከቦታው ከዘለለ መያዣ ጎማው ተበልቷል፤ እሱን ቀይራችሁ እንደገና ሞክሩ። ካልዘለለ ዘይት የነካው ሸራ ወይም በሙቀት የተጎዳ ቮላኖ ሊሆን ይችላል።

ድምፅ ደግሞ እንዲህ ይለያል። ሞተር ተነስቶ በዜሮ ማርሽ ስትረግጡ የሚመጣ ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። በተቃራኒው ስትለቁ እየጮኸ ስትረግጡ ዝም የሚል ከሆነ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ይህኛው ፍሪሲዮን በመቀየር አይድንም። ከፔዳሉ አካባቢ ብቻ የሚሰማ ሲጥታ ግን ብዙ ጊዜ ግሪስ የፈለገ መገጣጠሚያ ነው።

ካምቢዮው መውረዱ ግድ ከሆነ

ምርመራው ወደ ውስጥ ካመለከተ አታቅማሙ። ያኔ ዲስኩን፣ ፕሬዠር ፕሌቱንና ኩሽኔታውን አንድ ላይ ቀይሩ። ኩሽኔታውን «ገና ነው» ብሎ መመለስ ነገ ለዚያው ኩሽኔታ ካምቢዮ ማስወረድ ነው። ፓራኦሊዮውንም በዚያው አስመርምሩ።

ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የዲስኩን ስፋትና የመሃሉን ጥርስ ብዛት አመሳስሉ። አሮጌው በእርግጥ አልቆ እንደሆነም በዚያው ታያላችሁ። ከሪቬቶቹ ራስ በላይ የቀረው ሸራ ቶዮታ ላይ ከ0.3 ሚሊ ሜትር ካነሰ አልቋል። ሸራው ወፍራም ሆኖ ደረቅም ከሆነ ግን ሌላ ጥፋት አለና ሜካኒኩን ጠይቁት። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ የተቃጠለ ምልክት ወይም ስንጥቅ ካለ በዝምታ አይታለፍ። ቀላሉ ቶርኖ ቤት ይስተካከላል፣ የተሰነጠቀው ይቀየራል።

መኪናውን ስትረከቡ ደረጃ 5ንና ደረጃ 6ን እዚያው ጋራዡ በር ላይ ድገሙ። አዲስ ሸራ እስኪላመድ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነትና ረጅም ግማሽ ፍሪሲዮን አታብዙበት። የፊት ጎማ የሚጎትተው መኪና ከሆነ ደግሞ የጎማ ዘንጎቹ ሲነቀሉ የካምቢዮው ዘይት ይፈሳል። መልሶ መሞላቱን በቃል አትመኑ። የመሙያው ብሎን ተፈትቶ ዘይቱ አፉ ድረስ መድረሱን በዓይናችሁ እዩና ከዚያ ክፈሉ።